ኮሌራ በጣና ዳር፦ ከዘጌ ሰፈር እስከ ላቦራቶሪ

በሰኔ 1858 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ዘጌ ላይ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ንጉሠ ነገሥቱ በቁጥጥራቸው ሥር የነበሩትን እንግሊዞች ምን ይሻላል ብለው አስጠየቁ። ከነሱ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። ምክራቸው አጭር ነው፦ ወደ በጌምድር ደጋ ይውጡ፣ ሕሙማኑን ከደብረ ታቦር ያርቁ፣ ሠራዊቱን ይበትኑ። ጦሩ ከፎገራ ሜዳ በስተደቡብ ባለችው ቆራጣ በኩል ታማሚዎቹን እየተሸከመ ወደ ደብረ ታቦር አቀና።

ምክሩ ለዘመኑ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ የተበተነ ወታደር በሽታውንም ይዞ መበተኑ ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ የበሽታውን ተህዋሲ ካልካታ ላይ ለይቶ ያስታወቀው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1876 ዓ.ም. ነው።

ዛሬም የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ የፎገራ ሩዝ ማሳ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱና የመጠጥ ውኃው ይቀላቀላሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዙሪያ ጎርፍ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። በዚያው ዓመት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በአገሪቱ ተዛምቶ ነበር፤ ኮሌራን በስሙ መጥራት ያኔ ብዙም አልተወደደም።

ላቦራቶሪው ግን ስም ያወጣል። የሰገራው ናሙና በአረንጓዴ ማብቀያ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ቢጫ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ባለሙያዋ ከነሱ ወስዳ በሌላ፣ መራጭ ባልሆነ ማብቀያ ላይ ታሳድጋለች፤ ከዚያ ከበቀለው ጥቂት ጭራ በስላይድ ላይ ካለች ኦ1ን የሚለይ አንቲሴረም ጠብታ ጋር ታዋህዳለች። ኦ1 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በሴኮንዶች ውስጥ እንደተበላሸ ወተት ይቆራረጣል። ቀጥሎ የኦ1 ንዑስ ዓይነቱ ኦጋዋ ይሁን ኢናባ ይለያል።

ይህ ብቻውን በሽታው የመጣበትን መንገድ አያሳይም፤ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችንን ያጠቃው ወረርሽኝ በዓለም የተዛመተው የአንድ ዘር ሐረግ ነውና። የተህዋሲውን ዘረመል ማንበብ ግን ቅርንጫፎቹን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከ45 የአፍሪካ አገሮች የተገኙ 1,070 ናሙናዎችን መርምሮ፣ በሽታው ወደ አህጉሪቱ ቢያንስ 11 ጊዜ እየተመላለሰ መግባቱን አሳይቷል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ተቀሰቀሰ። ከዚያ የተመለሰ ጠበልተኛ በፎገራዋ ወረታ ላይ ቢታመም፣ ያመጣው ከጠበሉ ነው ወይስ ከሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ? ፈጣን የኮሌራ መመርመሪያ ይህን አይመልስም፤ የዘረመል ንባብ ግን ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ በፎገራ የክረምት ወራት፣ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ከጥቂት ታማሚዎች ናሙና ይወሰድ። በአፍ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ግን ውጤት ሳይጠብቅ ወዲያው ይሰጥ።