ዜሮዱር

ዜሮዱር በክፍል ሙቀት አካባቢ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም መጠኑ የማይለወጥ ያህል የሚጸና፣ ብርጭቆና ደቃቅ ክሪስታሎች የተዋሐዱበት ቁስ ነው። ሾት የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሥነ ፈለክ መስታወቶች ሠራው።

አብዛኛው ጠጣር ነገር ሲሞቅ ይሰፋል። አንድ ሜትር የብረት ዘንግ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 12 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። ለግንበኛ ይህ ኢምንት ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊት የቴሌስኮፕ መስታወት አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ቅርጹ በጥቂቱ ይዛነፍና የኮከቡ ምስል ይደበዝዛል። ጥራቱ የተመረጠ አንድ ሜትር ዜሮዱር በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው ከ0.02 ማይክሮሜትር አይበልጥም።

ምስጢሩ ያለው በክሪስታሎቹ ውስጥ ነው። ከቁሱ ክብደት ከ70 እስከ 78 በመቶ የሚሆነው ሊቲየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን ያለበት ኳርትዝ መሰል ክሪስታል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ሲሞቅ ይኮማተራል። በመካከሉ የቀረው ብርጭቆ ደግሞ ይሰፋል። አንዱ የጨመረውን ሌላው ይቀንሰዋል።

ሲሞቅ መኮማተር እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰፊው የተጠናው ዚርኮኒየም ተንግስቴት ጠባዩን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ክሪስታል ውስጥ የኦክስጅን አተም ሁለት የብረታ ብረት አተሞችን ያገናኛል። ሙቀት ሲጨምር ኦክስጅኑ ወደ ጎን ይርገበገባል፤ መሃሉ ላይ የተናጠ ገመድ ጫፎቹን እንደሚስብ ሁሉ፣ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ያቀራርባቸዋል። ክሪስታሉም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይኮማተራል።

ዜሮዱርን መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅላጩ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ በዝግታ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይሞቃል። ያን ጊዜ የቲታኒየምና የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች እንደ ዘር ሆነው ክሪስታሎቹ በዙሪያቸው ያድጋሉ። ዋናው ጥበብ እድገቱን በልኩ ማስቆም ነው፤ ለትልቅ መስታወት ሥራው ወራት ይፈጃል። ክሪስታሎቹ 50 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሱ ስለሆኑ፣ ቁሱ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ቢሆንም አሻግሮ ያሳያል። የኤሌክትሪክ ምድጃ መስታወታማ ገበታም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

በሐዋይ የሚገኙት ሁለቱ የኬክ ቴሌስኮፖች መስታወት እያንዳንዱ ከ36 የዜሮዱር ክፍሎች ተገጣጥሟል። በቺሊ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ በመገንባት ላይ ያለው ባለ39 ሜትር ቴሌስኮፕ ደግሞ 798 ክፍሎች አሉት።

እጅግ ለረቀቀ ልኬት ግን ከዜሮዱር ይልቅ ንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል ይመረጣል። ሲሊከን እየቀዘቀዘ ከዜሮ በታች 149 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መኮማተሩ ወደ መስፋፋት ይዞራል፤ በመዞሪያው ላይ ርዝመቱ ጸንቶ ይቆያል። በብራውንሽቫይግ የሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ የልኬት ተቋም በሲሊከን ዘንግ ጫፎች ላይ ሁለት መስታወቶች ገጥሞ የሌዘርን ድግግሞሽ ያጸናበታል። ችግሩ ማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚፈጥረው ንዝረት ስለሆነ፣ ተመራማሪዎቹ በቀዝቃዛ የናይትሮጅን ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተጠቅመዋል።