ከአሰብ እስከ ዲላ፦ የተጠባባቂ ነዳጅ ታሪክ

ለቦይለር እሳት ነዳጅ የማይቀር መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ነዳጁ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቧንቧ ወደ ምድጃው እንደሚደርስ፣ ቢቋረጥስ ምን እንደሚተካው የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። በጌዴኦ ዞን ርእሰ ከተማ በዲላ ለሚሠራ መሐንዲስ ግን ይህ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ኢትዮጵያ በማሽንና በተሽከርካሪ የምታነደው ነዳጅ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ድፍድፍ ዘይት ለማጣራት ታቅዶ ነበር። ከቤንዚን፣ ከነጭ ጋዝና ከናፍጣ በተጨማሪ የሚያወጣው ከባድ ጥቁር ናፍጣ የፋብሪካ ቦይለሮች ቀለብ ሆነ። የማጣሪያው መቋቋም ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የአገሪቱን ምድጃዎች ሁሉ በአንድ ወደብና በአንድ ጎዳና ላይ ማንጠልጠሉ አልቀረም።

የ1966 ዓ.ም. ሁኔታ በአንድ መስመር መተማመን ምን እንደሚያስከትል አሳየ። በጥር ወር፣ ዲላ በነበረችበት በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በነገሌ ቦረና የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱም ተከልክለው ዐመፁ። ለዐመፁ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ቅርብ መነሻው ምትክ ያልነበረው ፓምፕ ነበር። በዚያው ክረምት መግቢያ ሳይደርስ፣ የዓለም የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከበርሜል 3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ተጠግቶ ስለ ነበር፣ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ተጨመረ። በየካቲትም የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የፓምፕና የነዳጅ ጉዳይ ከማሽን ክፍል ወጥቶ የአገር ታሪክ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ትምህርት ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ መጣ። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን አቆመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣም የአሰብ መንገድ ጨርሶ ተዘጋ፤ ነዳጅ ጫኝ ቦቴዎችም ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። ከዚያ የሚነሣ ቦቴ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባ ዲላ ለመድረስ ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

በጌዴኦ የቡና ምርት ያን ያህል እንፋሎት አይፈልግም። እሸት ቡና የሚፈለፈለው በሞተር ኃይል፣ የሚደርቀውም በአልጋ ላይ በፀሐይ ነው። እንፋሎትና ሙቅ ውሃ የሚፈልጉት የሐኪም መሣሪያ የሚቀቅሉ፣ አንሶላ የሚያጥቡና ለብዙ ሰው የሚያበስሉ ድርጅቶች ናቸው። በዚያ ሥፍራ እሳት ጠፋ ማለት ቀዶ ሕክምና ዘገየ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ተጠባባቂ ነዳጅ ማለት በግቢው ጥግ የቆመ ሁለተኛ በርሜል ማለት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ የነዳጁ ዓይነት መታሰብ አለበት። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ካልሞቀ አይፈስም፣ በደንብም አይነድም፤ የሚያሞቀው ደግሞ ራሱ ቦይለሩ የሚያወጣው እንፋሎት ከሆነ፣ የቀዘቀዘ ቦይለር ራሱን ሊያስነሣ አይችልም። ስለዚህ ለማስነሻ ቀላል ናፍጣ በተለየ ታንክ መቀመጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ያህል ያንሳል። በመሬት ውስጥ ከተቀበረ ታንክ ነዳጅ የሚስብ ፓምፕ በአሰብ የሚችለውን ከፍታ በዲላ አይችልም። የመሳቢያው ቧንቧ አጭርና ሰፋ ያለ፣ መጋጠሚያውም አየር የማያስገባ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመመለሻው ቧንቧ ነገር ነው። የበርነር ፓምፕ ከሚነድደው በላይ ነዳጅ ይስባል፤ ትርፉ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ከአንደኛው ታንክ ወደ ሁለተኛው ሲዛወር የመሳቢያው ሳራቺኔስካ ብቻ ዞሮ የመመለሻው ከተረሳ፣ ፓምፑ ተጠባባቂውን ነዳጅ እየሳበ ወደ ዋናው ታንክ ይገለብጠዋል። አንዱ ሳይታወቅ ይደርቃል፣ ሌላው ሞልቶ ይፈስሳል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ እጀታ አብሮ የሚያዞር ቫልቭ ከዚህ ያድናል። መመለሻው ጨርሶ ቢዘጋ ደግሞ ግፊቱ የፓምፑን ማኅተም ይፈነቅላል። በመጨረሻም በታንክ ግርጌ ውሃና ዝቃጭ ስለሚጠራቀም፣ ተጠባባቂው ነዳጅ በየጊዜው ካልተጣራ፣ ካልነደደና በአዲስ ካልተተካ፣ በችግር ቀን ማጣሪያውን ደፍኖ ያቆመዋል።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቢቀር ተጠባባቂው ነዳጅ እንጨት ይሆናል። የጌዴኦ ሕዝብ እንሰትን፣ ቡናንና ረጃጅም ዛፎችን በአንድነት አሳድጎ ያቆየው ገጽታ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቦቴ በዘገየ ቁጥር መጥረቢያ የሚነሣ ከሆነ፣ የአንድ ሳራቺኔስካ ስሕተት የሚከፈለው አያቶች በተከሉት ጥላ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ሁለተኛው ቧንቧ መዘርጋትና መፈተን ያለበት የመጀመሪያው ሞልቶ በሚፈስስበት ቀን ነው።