ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ
ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፤ ግእዝ፣ በብራና፤ የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1672

ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592–1642) የአፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት አልቀበልም ብላ ባሏን ትታ መነነች። ንጉሡም በሱዳን ድንበር አቅጣጫ ወዳለው ንዳዳም ቆላ፣ ወደ ዠበይ፣ ለ3 ዓመት አጋዛት። ከመሠረተቻቸው 7 ማኅበራት የመጀመሪያው የተወለደው እዚያው ግዞት ላይ ነው።

ቆም ተብሎ መነበብ ያለበት ግን ከግዞቱ በፊት ያለው ገጽ ነው። ወለተ ጴጥሮስ እንደ እሷው ትዳሯን የተወችውን እኅተ ክርስቶስን ከሩቅ ስታያት ፍቅር በሁለቱም ልብ አደረ፤ ቀድሞ እንደሚተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። ሞት እስኪለያቸው በአንድነት እንደኖሩም ጸሐፊው መነኩሴ ገላውዴዎስ ያለ አንዳች ሐፍረት ይተርካል። እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረክባ መራች፤ እ.ኤ.አ. በ1649 አረፈች።

አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚህ ውስጥ የሴትና የሴትን ፍቅር ያነባሉ። በርካታ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሊቃውንትና ምእመናን ንባቡን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ የተባሕትዎ ፍቅር ነው ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች ራሳቸውን በዛሬው ስም አልጠሩም፤ እኛም አንሰይማቸውም። አብሮ መኖራቸውን ግን ከታሪካቸው መቁረጥ በደል ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በወንጀል በሚያስቀጣበት አገር፣ ለዓመታት ተደብቀው ያረጁ ሰዎች ይህን ገጽ ሲያነቡ የሚሰማቸውን እናስባለን።