ባልዲው አንድ፣ ስሙ ብዙ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ላይ አንዲት እህታችን ያጫወተችን ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዋ «ስፒጎቱን ዝጊው» ስትላት ግራ ገብቷት ቆመች፤ «እንግሊዝኛ አልችልም አትዪም ነበር?» ተብላም ተወቀሰች። እህታችን ግን ቧንቧ «ፎሴት» እንደሚባል አሳምራ ታውቃለች። ለንደን የኖረች ሌላ አባላችን ደግሞ «እኛ ዘንድ ታፕ ነው የሚባለው» አለች። ታዲያ የተሳሳተችው የትኛዋ ናት?

አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሃንስ ኩራት የተባሉት ምሁር በ1949 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አሜሪካን ቃላት በየአካባቢው ለይተው የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሰሜነኞቹ ባልዲን «ፔይል»፣ ቧንቧን «ፎሴት» ሲሉ፣ ከፔንሲልቬንያ ጀምሮ ወደ ደቡብ «በኬት» እና «ስፒጎት» ይባል ነበር። ከተለያየ የብሪታንያ አካባቢ የመጡት ሰፋሪዎች በየሰፈሩበት የየራሳቸውን ቃል ይዘው ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ቃሉን ከዕቃው ጋር ጭነው ሄደዋል።

ከሁሉ የገረመን የመጥበሻ ታሪክ ነው። በኒው ኢንግላንድ መጥበሻ «ስፓይደር»፣ ማለትም ሸረሪት ይባል ነበር። ሴቶች በክፍት እሳት ላይ ሲያበስሉ መጥበሻው ፍሙ ላይ የሚቆምበት ረጃጅም እግር ነበረው። በኋላ ምድጃ ሲመጣ እግሩ ቀረ፤ ስሙ ግን አልቀረም። እኛስ የአሉሚኒየሙን ዕቃ እስከ ዛሬ «ብረት ድስት» እንል የለ?

እነዚህን ቃላት የሚናገረው ማን ነው ተብሎ ነው የተመዘገበው? የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ኦርተን የመሩት ጥናት ከ1950 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 313 ቦታዎች ከ1,300 በላይ ጥያቄ ጠይቋል። የተጠየቁት ግን በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ የገጠር ወንዶች ነበሩ፤ የጥንቱን አነጋገር የሚጠብቁት ወንዶች ናቸው ተብሎ ስለታመነ ነው። ቀኑን ሙሉ ድስቱንና መጥረጊያውን ይዛ የምትውለው ሴት ድምፅ አነሰ። ከ1965 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 1,002 ማኅበረሰቦች ለአካባቢ ቃላት መዝገበ ቃላት መረጃ ሲሰበሰብ ግን ሴቶችም ወንዶችም ተጠይቀዋል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ አትሸማቀቁ። የዚያው አገር ሰው እንኳ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ሲሄድ ይቸግረዋል። «ሌላ ስም አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሥራ ቦታ የሰማችሁትን የዕቃ ስም ከነአካባቢው ጽፋችሁ ለትምህርቱ አምጡልን፤ አዲስ ለምትመጣው እህታችን የምናወርሳት መዝገብ ይሆናል። የእኛን ቃል እኛው እንመዝግበው።