ኤልቪን በሌለበት

ድራመር ቀረ እንበል። ሌላ ይጠራል። ዘፈኑና ምቱ ከታወቀ አንድ ልምምድ ይበቃል፤ ሠርግ ላይ ከሆነማ ማንም ሳይነቃ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ሙዚቃው በአብዛኛው እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ሲሆን ነው።

በ1963 የጆን ኮልትሬን ኳርቴት የገጠመው ይኸው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድራመሩ ኤልቪን ጆንስ ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን በሚገኝ ሆስፒታል ነበር። ኮልትሬን ይህን መንገድ ያውቀዋል። እሱም በ1957 በሱስ ምክንያት ከማይልስ ዴቪስ ባንድ ተባርሮ፣ በዚያው ዓመት ነው ከሱሱ የተላቀቀው። ኤልቪንን አላሰናበተውም። የኮንሰርት ቀን ግን ማንንም አይጠብቅም። ጁላይ 7 የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ላይ ድራሙ ጋ የተቀመጠው ሮይ ሄይንስ ነበር።

ተቀያሪ ሲባል ጀማሪ እንዳይመስላችሁ። ሄይንስ 38 ዓመቱ ነበር፤ ከኮልትሬንም ከኤልቪንም ይበልጣል። ከሌስተር ያንግ፣ ከቻርሊ ፓርከር፣ ከሳራ ቮንና ከተሎኒየስ መንክ ጋር ሠርቷል። ከኮልትሬን ጋርም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ስቱዲዮ ገብቶ ነበር።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ኤልቪን ሲመታ አንድ ሰው ብቻ አይመስልም። እጆቹና እግሮቹ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ እየተንከባለሉ፣ ሁሉን የሚሸፍን ወፍራም ማዕበል ይሆናሉ። የኮልትሬን ረጃጅም ሶሎዎች የሚንሳፈፉት እዚያ ላይ ነው። ሄይንስ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፦ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ስኔሩ ላይ ቆረጥ ቆረጥ የሚያደርግ። «ስናፕ ክራክል» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም።

በዚያን ቀን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን ተጫወቱ። ዘፈኑ ከብሮድዌይ የሙዚቃ ትያትር የመጣ ነው። ኮልትሬን በ1960 ሲቀዳው ወደ 14 ደቂቃ ወስዶበታል፤ ኒውፖርት ላይ ከ17 ደቂቃ አለፈ። የሚረዝመው ለምን መሰላችሁ? ሶሎ የሚጫወተው ሰው በሁለት ኮርዶች ላይ ደስ እስኪለው ይቆያል፤ ስንት ዙር እንደሚሄድ አስቀድሞ የተወሰነ የለም። ወደ ዜማው ሲመለስ ነው ሌሎቹ የሚያውቁት። ስለዚህ ድራመሩ የሚሸመድደው ነገር የለውም፤ ጆሮውን አቁሞ መከተል ብቻ ነው።

ሄይንስ ኤልቪንን ልምሰል ቢል ኖሮ ደካማ ኤልቪን ነበር የምንሰማው። አላደረገውም። ማዕበሉ የነበረበትን ቦታ ክፍት ተወውና ለእያንዳንዱ የሳክስፎን ሐረግ መልስ ይሰጥ ጀመር፦ ሲጠይቁት መመለስ፣ አንዳንዴም ሳይጠየቅ ጣልቃ መግባት። የማኮይ ታይነር ፒያኖና የጂሚ ጋሪሰን ቤዝ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ተለይተው ይሰማሉ። ኮልትሬንም ሶፕራኖው ላይ ቀለል ይላል፤ ተሸክሞት የሚሄድ ነገር ስለሌለ በራሱ እግር የሚሮጥ ያህል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከስቱዲዮው ቅጂ ይልቅ ይኼኛውን ነው ደጋግሜ የምሰማው። ኤልቪን ይሻላል የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ኤልቪን ተመለሰ። ኦክቶበር 8 በርድላንድ ክለብ ውስጥ በተቀዳው ሥራ ላይ ያ ማዕበል እንደገና አለ፤ በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን አብረው ቀዱ። የኒውፖርቱ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» በአልበም የወጣው በ1969፣ ኮልትሬን ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሄይንስ እስከ 2024 ኖሮ በ99 ዓመቱ ዐረፈ።

ሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ ስሟቸው። ከፒያኖ ሶሎው ጀምሩ፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ቶሎ ይያዛል።