ስለ ቤተ እስራኤል ማንነት የተነሣው ክርክርና የተሰሚነት ጉዳይ

የአንድ ሕዝብ ማንነት ሲመረመር «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «መልሱንስ እንዲሰጥ የተፈቀደለት ማን ነው?» ማለትም ያስፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቤተ እስራኤልን ታሪክ በዚህ በኩል እንመለከታለን። ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን እንውሰድ። በጎንደር አካባቢ፣ በስሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ግን ፈላሻ አሏቸው፤ ይኸውም ፈለሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋራ የሚያያዝና አገር የለሽ መጻተኛ የሚል ስሜት ያለው ነው። ብዙዎቹ የኤውሮፓ ሊቃውንትም የጻፉት በዚሁ ስም ነው።

ሃይማኖቱን በሚመለከት ክርክሩ በማኅበሩ ውስጥም ነበረ። ቄሶቹ የግእዙን ኦሪት ይዘው፣ መሥዋዕትንና ምንኩስናን ጠብቀው ኖሩ፤ ታልሙድን አያውቁም ነበር። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች ግን ሁለቱም እንዲቀሩ ይመክር ነበር፤ ወጣቶችንም ወደ ውጭ አገር ወስዶ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቀው ወጣት ለውጭው ዓለም አፈ ጉባኤ ሆነ፤ የቄሱ ቃል የሚሰማው በአስተርጓሚ ነበር። የንጽሕናውን ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የተሸከሙት ሴቶች የተናገሩት ግን በመጻሕፍቱ እምብዛም አይገኝም።

በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ «የዳን ነገድ ናቸው» ብለው ፈረዱ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት ይህን ተቀበለ። ይሁን እንጂ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ብዙዎች እስራኤል ሲገቡ፣ ለጋብቻ የሚቀርቡት «ለጥርጥር» ሲባል በውሃ እንዲጠመቁ ተጠየቁ። በዚህ ማኅበሩ ተከፈለ። አንዳንዶቹ ትዳራቸው እንዳይሰናከል እሺ አሉ፤ ሌሎቹ «አባቶቻችንን መካድ ነው» ብለው በ1985 በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀመጡ።

ከ1991 በኋላ ደግሞ አባቶቻቸው ክርስትናን የተቀበሉባቸው ሰዎች ጉዳይ ተነሣ። ከማኅበሩ ከፊሉ «ወንድሞቻችን ናቸው» ሲል፣ ከፊሉ «ወጥተዋል» አለ። ትናንት ተፈራጅ የነበረው ዛሬ ከፈራጆች ጋራ ተቀመጠ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ክርክር መኖሩ ራሱ ጥፋት አለመሆኑን ነው፤ በማናቸውም ሕዝብ ዘንድ አለና። ጥፋቱ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሳይሰማ ፍርዱ መሰጠቱ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የፈራጁን ቃል ብቻ ሳይሆን፣ በደጅ የቆመውንም ቃል መመዝገብ ይገባዋል እንላለን።