የራሽን ጤፍና የእንጦጦ ቅጠል

ጉለሌ ያደግን ሰዎች የደርግን ዘመን ኑሮ ስናነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው። ቀበሌዎች የተቋቋሙት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ የሚሰበስበው እህል በእነዚሁ ሱቆች በኩል እንደ ቤተሰባችን ብዛት ይሸጥልን ጀመር። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ዘንቢሏን ሰልፍ ታስይዝ ነበር። ጤፉ ርካሽ እንደ ነበር አልክድም፤ የቀረውን ሂሳብ ግን ገበሬው ከፍሎልናል።

ደግሞስ ጤፍ ብቻውን መች እንጀራ ይሆናል? ምጣዱ እንዲሰማ እሳት ይሻል፤ እሳቱ ደግሞ በራሽን አይታደልም። የእኛ ቤት ምጣድ የሚሰማው በእንጦጦ ቅጠል ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን በገባው ባሕር ዛፍ። ቅጠሉን ጠርገው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም አዝለው፣ ጎብጠው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። እናቴ በር ላይ አስቁማ በሳንቲም ትከራከራቸው ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና የእህል ንግዱ ተለቀቀ። ኋላም ሰልፉ ቀረ። ሴቶቹን ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቁልቁለት ጎብጠው ሲወርዱ አያቸው ነበር፤ እናቴም መከራከሯን አልተወችም።